ቤታችን ሲጎዳና የኢንሹራንሱ ገማች በር ሲያንኳኳ

(በሙስሊሞች የአማርኛ ራዲዮ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን ከሚንበር ላይ ብዙም የማይሰማ ነው። ነገር ግን በዚህ በአሜሪካ ቤት ገዝተን የምንኖር ቤተሰቦች ደጋግሞ ያጋጥመናል። ብርዱ ሲጠነክር ቧንቧ ይፈነዳል፤ በረዶ ጣሪያ ይደበድባል፤ ዘይት ተጥዶ በተረሳበት ኩሽና እሳት ይነሳል። ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያው ይደወላል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም አንድ ሰው ካሜራና መለኪያ ይዞ በር ያንኳኳል። ይህን ሰው በዚህ አገር አጃስተር ይሉታል፤ እኛ ጉዳት ገማች እንበለው። ከእርሱ ጋር የምናደርገው የአንድ ሰዓት ንግግር ቤታችን በምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠገን ይወስናል። ለእኛ ደግሞ ከጥገናውም በላይ የሚያሳስብ ነገር አለ። ገማቹ የምንለውን በደብተሩ ሲጽፍ፣ በቀኝና በግራችን ያሉትም ይጽፋሉ።

በቅድሚያ ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ላንሳ። ኢንሹራንስ ራሱ ይፈቀዳል ወይ? ዑለማዎች በዚህ ላይ በሰፊው ተነጋግረዋል። በ1985 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ፣ ለትርፍ የቆመው የንግድ ኢንሹራንስ ከባድ ገረር ማለትም መጨረሻው ያልታወቀ ነገር ያለበት ውል ስለሆነ እንደማይፈቀድ፣ ምትኩም በመረዳዳት ላይ የቆመው ዓይነት እንደሆነ ወስኗል። እንደ ሸይኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ዓሊሞች ደግሞ በመሠረቱ ይፈቀዳል የሚል አቋም ነበራቸው። ተካፉል የምንለው የመረዳዳት ኢንሹራንስ በ1979 በሱዳን በኩባንያ ደረጃ ሥራ ጀምሯል፤ ማሌዥያም በ1984 ሕግ አውጥታለታለች። እኛ ባለንበት አገር ግን ቤቱ በባንክ ብድርም ይገዛ፣ ወለድ በሌለው አሠራርም ይገዛ፣ ገንዘቡን ያቀረበው ወገን ኢንሹራንስ ግቡ ብሎ ያስገድዳል። ተገዶ የገባ ሰው የሚከፈለውን ካሳ እንዴት ማየት እንዳለበት በአቅራቢያችሁ ያሉትን ዓሊም ጠይቁ፤ የዛሬው ንግግሬ ፈትዋ አይደለም።

ነገር ግን አንዳንድ ወንድሞች “ኩባንያው ራሱ ሐራም በል ነው፤ ከእርሱ በዋሾም በማርም ብንወስድ ምን አለበት?” ሲሉ ይሰማል። ይህ ዕውቀት ሳይሆን ነፍስያ ነው። በሱረቱል ማኢዳ መክፈቻ ላይ ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ የታዘዙት፣ ውለኛቸውን ሲወዱት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከእኛ ቤቶች ብዙ ክርክር የሚነሳው ከውሸት ሳይሆን ከአነጋገራችን ነው። እውነተኛ ሰው እውነቱን በማይሆን ቃል ተናግሮ ሐቁን ያጣል።

አንድ ቃል እንውሰድ፦ ጎርፍ። በአማርኛ ውሃ ቤት ሲሞላ “ጎርፍ ገባብን” እንላለን። ውሃው ከወንዝ ይምጣ ወይም ከፈነዳ ቧንቧ፣ ለእኛ ያው ነው። በኢንሹራንስ ቋንቋ ግን ጎርፍ ማለት ከውጭ፣ በመሬት ላይ ፈስሶ ወይም ወንዝና ባሕር ሞልቶ የገባ ውሃ ነው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ይህንን አይሸፍንም። ለእርሱ የፌዴራሉ መንግሥት ከ1968 ጀምሮ ያቋቋመው ሌላ የጎርፍ ኢንሹራንስ አለ፤ ለቤቱ እስከ 250,000፣ ለዕቃው እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ለብቻው ካልተገዛ ግን የለም። እንግዲህ የውሃ ማሞቂያው ፈንድቶ ቤዝመንቱን የሞላበት አባት ስልክ አንስቶ “ጎርፍ” ካለ፣ ልጁም እንዲሁ ከተረጎመ፣ ፋይሉ ከመጀመሪያው ቀን በማይሸፈነው መደብ ይከፈታል። ኋላ ሊቃና ይችላል፤ ግን ስንት ምልልስ! “የውሃ ማሞቂያው ፈነዳ፤ ውሃው ወለሉን ሞላው” ቢል ከእውነቱ አንድ ጠብታ አልጨመረም፤ አልቀነሰምም።

ሁለተኛው ቃል “ቆይቷል” የሚለው ነው። ገማቹ ሁልጊዜ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ “ውሃው መፍሰስ የጀመረው መቼ ነው?” የሚል ነው። ለጨዋታ አይደለም የሚጠይቀው። ፖሊሲው ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው ድንገት የደረሰውን ጉዳት ነው፤ ለሳምንታትና ለወራት እየተንጠባጠበ ያበሰበሰውን ግን የባለቤቱ የጥገና ጉድለት ነው ብሎ ይተወዋል። እናት ከሥራ ስትመለስ ቤቱን በውሃ ተሞልቶ አግኝታ “ኧረ ቆይቷል” ብትል፣ ለአራትና ለአምስት ሰዓት ያህል ፈስሷል ማለቷ ነው። በእንግሊዝኛ ሲገለበጥ ግን “ከቆየ ሰነባበተ” ሆኖ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ “ቆይቷል”፣ “ትንሽ ነው”፣ “ብዙ ነው” የሚሉትን ትተን ቁጥር እንናገር። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ስወጣ ደረቅ ነበር፤ ማታ 11 ሰዓት ስመለስ ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ይህ በቂ ነው።

ሰዓትን ካነሳን፣ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ራሱ ጣጣ አለው። “ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቃን” ያለውን ልጁ ቃል በቃል ከተረጎመው በአሜሪካኖች ከምሽቱ 9 ይሆናል። የቧንቧ ሠራተኛው የመጣበት ወረቀት ደግሞ በእነርሱ አቆጣጠር ሌሊት 3 ተኩል ይላል። ገማቹ ሁለቱን አነጻጽሮ “ለስድስት ሰዓት ውሃው እየፈሰሰ ዝም ብለው ተቀመጡ?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ከመናገራችሁ በፊት ሰዓቱን ወደ እነርሱ አቆጣጠር ቀይራችሁ በወረቀት ጻፉት።

ሌላም አለ። “ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ላይ እርጥበት አላያችሁም?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ያላየ አማርኛ ተናጋሪ “አዎ” ይላል። አዎ፣ አላየሁም ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ የሚሰማው ጆሮ ግን “አዎ፣ አይቻለሁ” ብሎ ሊጽፈው ይችላል። አዎንና አይን ብቻቸውን አትተዉአቸው፤ “አላየሁም” በሉ፣ ሙሉውን። ጥያቄው ሳይገባን ለትሕትና “እሺ፣ እሺ” እያሉ ራስ መነቅነቅም እንዲሁ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው እንዳይከፋው የምናደርገው ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ማመን ነው።

“አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንንም” የሚለውስ? አላህን ማመስገን በሁሉም ሁኔታ ተገቢ ነው፣ ይህን ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ገማቹ የጠየቀው ስለ ሶብራችሁ ሳይሆን ስለ ግድግዳው ነው። አላህን አመስግኑ፤ ቀጥሎም “ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቧል፤ የልጆቹ ፍራሽ ከጥቅም ውጭ ሆኗል” በሉ።

አድማጮቼ፣ ስለ ልጆች አስተርጓሚነት ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ። በብዙዎቻችን ቤት ከገማቹ ጋር የሚነጋገረው የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ነው። ይህ ልጅ ቲቪ ላይ የሚሰማውን እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ ዲዳክቲብል ምን እንደሆነ ግን አያውቅም፤ የእኛንም አማርኛ ግማሹን ነው የሚያገኘው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ ማለትም ስለ ዕዳ አጻጻፍ በሚናገረው በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ውስጥ፣ ባለዕዳው ራሱ ማስጻፍ የማይችል ከሆነ ዋቢው በፍትሕ ያስጽፍለት የሚል ትእዛዝ አለበት። እዚያ ላይ አቅም የሌለው በአዋቂ ይወከላል። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን አዋቂውን በልጅ እናስወክለዋለን።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ልጁ የሚሰማው ነገር ነው። አባት በአማርኛ “ቴሌቪዥኑ አዲስ ነው በለው” ይላል፤ ልጁ ቴሌቪዥኑ የስንት ዓመት እንደሆነ ያውቃል። ፊቱ ይለዋወጣል፣ ከዚያ ይተረጉማል። በአቡ ዳውድ እንደተዘገበው፣ አንዲት እናት ሕፃኗን ዐብዱላህ ኢብን ዓሚርን “ና፣ አንድ ነገር እሰጥሃለሁ” ብላ ስትጠራው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው ነው ብለው ጠየቋት፤ ተምር ስትላቸው፣ ምንም ባትሰጪው ኖሮ አንድ ውሸት ይጻፍብሽ ነበር አሏት። ያ ለአንድ ተምር ነው። በገዛ አንደበቱ እንዲዋሽ የተላከው ልጅ፣ ነገ በትምህርት ቤቱ ለምን ዋሸህ ተብሎ ሲጠየቅ ምን ብለን ልንቆጣው ነው?

ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ። ብዙ ኩባንያዎች በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ያቀርባሉ፤ ፋይሉን ስትከፍቱ “የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ” ማለት ነው። ካልተገኘም ከጀማዓው መካከል ጠና ያለና ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይቀመጥ። እርሱም ይጠንቀቅ፤ ሥራው የተባለውን ማድረስ እንጂ ማሳመር አይደለም።

ገማቹ ወይም ቢሮው ቃላችሁን በድምፅ ሊቀርጽ ይችላል። ሲቀርጽ ይነግራችኋል። ሳትዘጋጁ ከሥራ ሰዓት መካከል ከተደወለላችሁ ሌላ ሰዓት እንዲቀጥርላችሁ በትሕትና መጠየቅ ትችላላችሁ። የማታውቁትን አትገምቱ። “ጣሪያው የስንት ዓመት ነው?” ቢላችሁና ቤቱን ከገዛችሁ አራት ዓመታችሁ ከሆነ፣ “ቤቱን የገዛሁት ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ጣሪያው መቼ እንደተሠራ አላውቅም” ማለት ሙሉ መልስ ነው። ታላላቅ ኢማሞች ለፈትዋ ተጠይቀው “አላውቅም” ማለት አላሳፈራቸውም፤ እኛን በጣሪያ ዕድሜ ለምን ያሳፍረን?

ገማቹ እስኪመጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ልክ አይደለም። ውሃውን መዝጋት፣ የተቀደደውን ጣሪያ በሸራ መሸፈን፣ ወለሉን ማድረቅ በውሉ ውስጥ የእናንተ ግዴታ ነው፤ ጉዳቱ እንዲብስ የተወ ሰው ስለባሰው ክፍል ላይከፈለው ይችላል። የምታወጡት ወጪ ደረሰኙ ይቀመጥ። በተቻለ መጠን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። እህቶቻችን ቤት ሲበላሽ ማጽዳት ይወዳሉ፤ አላህ ይጨምርላቸው። ግን የረጠበው ምንጣፍ ገማቹ ሳያየው ቆሻሻ መኪና ከወሰደው፣ ማስረጃችሁም አብሮ ሄደ።

ከዚያ የዕቃ ዝርዝር ይመጣል። እዚህ ላይ የሐበሻ ቤት ለገማቹ አስቸጋሪ ነው። ሶፋና ፍሪጅ ያውቃል፤ ዋጋውንም ከኮምፒውተሩ ያወጣል። ረከቦት፣ ከሐረር የመጣ ሙዳይ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ለኒካሕ የተሰፋ ቀሚስ፣ ከሐጅ የመጣ ስጋጃ ግን ከየት ያውጣ? ስሙን በአማርኛ ጽፋችሁ ምን እንደሚሠራበት፣ በእጅ የተሠራ መሆኑን፣ መቼና ከየት እንደመጣ፣ ዛሬ ከዚህ አገር የሐበሻ ሱቅ በስንት እንደሚገዛ ጨምሩበት። በዒድና በሠርግ ቀን የተነሱ ፎቶዎች ጥሩ ምስክር ናቸው፤ ከሰዎቹ ጀርባ ዕቃው ይታያል። አያታችሁ የሰጧችሁን ነገር ዋጋ ከፍ ለማድረግ አትሞክሩ፤ ኢንሹራንስ ትዝታን አይከፍልም።

ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ላይ ተጠንቀቁ። ወርቅ ሲሰረቅ ፖሊሲዎች የሚከፍሉት እስከተወሰነ ጣሪያ ነው፤ ለብቻው ካልተመዘገበ የጥሎሽ ወርቅ ሙሉ ዋጋ አይመለስም። በቤት የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብማ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም። የዕቁብ ሰብሳቢዎች ይህን ስሙ፤ የሰው አማና ትራስ ሥር አስቀምጣችሁ ኢንሹራንስ አለኝ አትበሉ።

አሁን ደግሞ ስለ መጨመር እንነጋገር። ፈተናው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው። በተለይ በሚኒሶታና በቴክሳስ በረዶ ከወረደ በኋላ ጣሪያ ሠሪዎች በር ለበር ይዞራሉ። “ዲዳክቲብሉን አትክፈል፣ እኔ እችልልሃለሁ” ይላሉ። ዲዳክቲብል ማለት ከጉዳቱ ውስጥ እናንተ ራሳችሁ ልትችሉት የተዋዋላችሁበት ድርሻ ነው። ሠሪው ከኪሱ አይችለውም፤ ደረሰኙን አሳብጦ ከኩባንያው ነው የሚያወጣው፣ ፊርማው ግን የእናንተ ነው። በሁለቱም ክልሎች ይህ በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርም፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ላይ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥቡን ሲያገኙት ለነጋዴው ምን እንዳሉት ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው።

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እርሳቸው ሰው መሆናቸውን፣ ከተሟጋቾች አንዱ ከሌላው ይልቅ ማስረዳት የሚችል ሊሆን እንደሚችል፣ በሰሙት መሠረት የሌላውን ሐቅ ከፈረዱለት የተቆረሰለት የእሳት ቁራሽ እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። ልብ በሉ፤ ፈራጁ ነቢይ ሆነው እንኳ ፍርዱ ያንን ገንዘብ ሐላል አላደረገውም። ገማቹ አምኖ ቼክ ጻፈ ማለት ገንዘቡ ጸዳ ማለት አይደለም። በዱንያም ቢሆን፣ ፖሊሲው ሆን ብሎ የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው ሽፋኑን እንደሚያጣ የሚናገር አንቀጽ አለው። አንድ ያልነበረ ላፕቶፕ የጨመረ ሰው እውነተኛውንም የኩሽና ካሳ ሊያጣ ይችላል።

ይህን ስል ግን ኩባንያው ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው ሲሰፈርላቸው ሞልተው እየወሰዱ ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን ነው፤ ስፍሩን የያዘው ደግሞ አንዳንዴ ኩባንያው ነው። ገማቹ ጠላታችሁ አይደለም፤ ጠበቃችሁም አይደለም። ወይ የኩባንያው ሠራተኛ ነው፣ ወይ ኩባንያው ለሥራው የቀጠረው ነው። ሻይ አቅርቡለት፣ ቡና አፍሉለት፣ ግምቱን ግን በጽሑፍ ጠይቁት።

ጽሑፉ ሲደርስ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በቼኩ ማነስ ነው። በአዲስ ለመተካት 9,000 ዶላር ያስፈልጋል እንበል። ገማቹ የዕቃውን ዕድሜ አይቶ 3,000 ይቀንሳል፤ ዲዳክቲብላችሁ 1,000 ነው፤ የመጀመሪያው ቼክ 5,000 ሆነ። ፖሊሲያችሁ በአዲስ ዋጋ የሚተካ ከሆነ ያቺ 3,000 ሥራው ተሠርቶ ደረሰኝ ሲቀርብ ትለቀቃለች፤ ቀነ ገደብ ስላላት ግን ፖሊሲውን አንብቡ። በአሮጌ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ ግን ቀርታለች። ቼኩ ላይ የአበዳሪው ስም አብሮ ቢጻፍ አትደንግጡ፤ ቤቱ ላይ እነርሱም መብት ስላላቸው ነው። ግድግዳው ሲፈታ ያልታየ ብስባሽ ከተገኘም ሥራውን አቁማችሁ ደውሉ፤ ተጨማሪ ግምት ይጠየቃል።

በግምቱ ካልተስማማችሁ መጀመሪያ የትኛው መስመር እንደተዘለለ ለይታችሁ ጻፉ፤ ከሌላ ሠሪ የዋጋ ግምት አያይዙ። በቁጣ የተደወለ ስልክ ፋይል ውስጥ አይገባም። ለእናንተ የሚቆም ገማች መቅጠርም ይቻላል፤ ከምታገኙት ላይ በመቶኛ ይወስዳል፣ ስለዚህ ለትንሽ ጉዳት አያዋጣም። ከዚያ ሲያልፍ ክልሎች ሁሉ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ አላቸው። በሜሪላንድ የኢንሹራንስ አስተዳደሩ፣ በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮው፣ በዋሽንግተን ዲሲ የኢንሹራንስ፣ የሰነዶችና የባንክ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። የዲሲ መስተዳድር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ እዚያ የምትኖሩ በአማርኛ እንድትስተናገዱ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሐቅን መጠየቅ ስግብግብነት የሚመስላቸው ወገኖች አሉ፤ ለልጆቻችሁ መኝታ ክፍል የሚገባውን መተው ግን ዙህድ አይደለም።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል፤ እርሱም ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። ካሳው ተከፍሏል፣ ቤቱ ተቀብቷል፤ ከስድስት ወር በኋላ ጠፋ ተብሎ የተከፈለበት የወርቅ ጉትቻ ከአሮጌ ካፖርት ኪስ ይወጣል። የተለመደው ፖሊሲ ለዚህም አንቀጽ አለው፦ ለኩባንያው ታሳውቃላችሁ፤ ከዚያ ምርጫው የእናንተ ነው። ጉትቻውን አስቀርታችሁ የተከፈለው ገንዘብ ይስተካከላል፣ ወይም ገንዘቡን ይዛችሁ ጉትቻው የእነርሱ ይሆናል። የፋይሉን ቁጥር አትጣሉት፤ ስትደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።